ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ፍለጋ፦ ከአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ የተወሰደ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሥራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ ባለ አራት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ነው። የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ የጠራኝ በሁለተኛው ፎቅ ያለ አንድ ቤት የመታጠቢያ ክፍሉ ጣሪያና ከእሱ አጠገብ ያለው የኮሪደር ግድግዳ ለወራት ሲርስ በመቆየቱ ነው። ክረምቱ እንዳለቀ ይደርቃል ተብሎ ተጠብቆ ነበር፤ ሆኖም ኅዳርና ታኅሣሥ ያለ ዝናብ አልፈው እርጥበቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ስለዚህ የጣሪያ ቆርቆሮውንና የውጭውን ግድግዳ ከጥርጣሬ ዝርዝር አውጥቼ ወደ ውስጥ ማየት እችላለሁ። በዚህ ረገድ ጥር ለእንዲህ ያለ ፍለጋ ከዓመቱ ወራት ሁሉ የሚመች ነው።

በነዋሪዎቹ ዘንድ ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል፦ የሚያፈሰው በቀጥታ ከላይ ያለው የሦስተኛ ፎቅ ቤት ስለሆነ የዚያ ቤት የመታጠቢያ ክፍል ሴራሚክ ተነሥቶ ወለሉ እንደገና ይሠራ የሚል ነው። መዶሻና መሮ ከያዘ ሠራተኛ ጋር ሳይቀር ተነጋግረው ነበር። እኔ ደግሞ በዚህ ሙያ ከምንም በላይ የምጠነቀቅበት ነገር ይህ ነው፤ ግድግዳው የራሰበት ቦታ ውሃው መውጫ ያገኘበት ቦታ ነው እንጂ ቧንቧው የተበሳበት ቦታ መሆኑን አያረጋግጥም። ውሃ በኮንክሪት ሶሌታ (ፎቅን ከፎቅ በሚለየው ንጣፍ) ላይ ተኝቶ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ ውስጥ ተጉዞ ወይም የቧንቧውን ገላ ተከትሎ ወርዶ ሜትሮችን ርቆ ሊታይ ይችላል።

ዛሬ ምንም አልተነካም፤ የተሠራው መመልከትና መመዝገብ ነው። ጣሪያው ላይ ዳር ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ ምልክት አለ፤ የኮሪደሩ ግድግዳ ቀለም አብጦ ተላጥቷል፣ ከሥሩም በጣት ሲነካ የሚረግፍ ነጭ ጨው ወጥቷል። ጨው የሚወጣው ውሃ በሲሚንቶው ውስጥ አልፎ የግድግዳው ገጽ ላይ ሲተን በመሆኑ፣ እርጥበቱ የአንድ ጊዜ መፍሰስ ሳይሆን እየተመላለሰ የሚመጣ መሆኑን ይነግረኛል። የእርጥበቱን ዳርቻ በእርሳስ ከብቤ ቀኑን ጻፍኩበት። ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ስስ ላስቲክ በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቄ ተውኩት፤ በማግስቱ ጤዛው ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ እርጥበቱ ከግድግዳው ይመጣል፣ በፊት ለፊት ከሆነ ግን ከሻወሩ እንፋሎት የመጣ ነው ማለት ነው።

ጥር 5

የላስቲኩ ጀርባ ረጥቧል፣ ፊቱ ደረቅ ነው። የእንፋሎት ጉዳይ ተዘጋ።

በዚህ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት ነው፤ ሲመጣም አንድ ሙሉ ቀን ያህል ይቆያል። ይህ ለነዋሪው ችግር ቢሆንም ለፈላጊው ትልቅ ጥቅም አለው። ቧንቧው ባዶ በሆነበት ቀን የማስወገጃ መስመሮችንና ወለሉን ለብቻ መፈተን ይቻላል፤ ውሃ በመጣበት ቀን ደግሞ ግፊት ያለበትን መስመር ለብቻ መከታተል ይቻላል። ሁለቱን በአንድ ቀን መፈተን ውጤቱን ስለሚያደባልቅ ዛሬ ሰኞ የማስወገጃውን ክፍል ብቻ ያዝኩ።

የሦስተኛው ፎቅ ነዋሪ በዕድሜ የገፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። በር ከፍተው ያስገቡኝ ከጎረቤት ጋር ለወራት የተወቃቀሰ ሰው ፊት ይዘው ነበር። «ልጄ፣ እኔ ከጀሪካን ቀድቼ በጣሳ ነው የምታጠበው፤ ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አምጥቼ ነው የማፈሰው?» አሉኝ። «እማማ፣ ምንጩ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ከቤትዎ አንዲት ሴራሚክ አትነሣም» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ለማጽናናት ብቻ አልነበረም፤ የመታጠቢያ ክፍል ሴራሚክ አንዴ ከተነሣ ከሥሩ ያለው የውሃ መከላከያ ንጣፍም አብሮ ይቀደዳል፣ ደህና የነበረው ወለልም ከዚያ በኋላ በእውነት ማፍሰስ ይጀምራል።

የወለሉን ማፍሰሻ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ደፈንኩና አራት ጀሪካን ያህል ውሃ አፈሰስኩ። የክፍሉ ወለል ከበሩ ደፍ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው ወደ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያዘ፤ ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ አመለከትኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ የውሃው ከፍታ ከእርሳሱ ምልክት ለዓይን በሚታይ ልክ አልወረደም። ከዚያ ውሃውን በቀይ የምግብ ቀለም በጥብጬ ድፍኑን ነቀልኩና በአንድ ጊዜ እንዲወርድ አደረግኩ፤ ወደ ሽንት ቤቱ ሲፎንም ሰማያዊ ቀለም ጨምሬ ደጋግሜ ለቀቅኩ። ወለሉ ችግር ካለበት ቀስ እያለ ይሰርጋል፤ የማስወገጃ ቱቦው መገጣጠሚያ ካፈሰሰ ደግሞ የሚታየው ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ነው። ሁለቱን ለያይቶ መፈተን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ጥር 6፣ ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ በፊትና በኋላ

ጠዋት የታችኛውን ቤት ጣሪያ አየሁ። ቀይም ሰማያዊም የለም፤ የእርጥበቱ ዳርቻም ከቅዳሜው እርሳስ ወደ ውስጥ ትንሽ ሸሽቷል። የእናትየው ወለልም ሆነ የማስወገጃ ቱቦዎቻቸው ነጻ ናቸው። ይህን ለኮሚቴው ሰብሳቢ በጽሑፍ ሰጠሁ፤ በቃል የተነገረ ነገር በደረጃ ላይ ሲወርድ ሌላ ስለሚሆን።

ሌሊት አራት ሰዓት ገደማ ውሃው መጣ። የሁሉም ቤቶች ቆጣሪ ምድር ላይ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ቆጣሪም ለየቤቱ የራሱ ቧንቧ ይወጣል። በቆጣሪው ገጽ ላይ ካሉት አሃዞች ሌላ ኮከብ የምትመስል ትንሽ ቀይ መዘውር አለች፤ በጣም ጥቂት ውሃ እንኳ ሲያልፍ ትዞራለች። የሦስተኛውን ፎቅ የመግቢያ ቫልቭ ዘግቼ ቆጣሪውን ስመለከት ኮከቧ ቆማለች። የሁለተኛውንም እንዲሁ። ከእነሱ በላይ ያለው የአራተኛው ፎቅ ቤት ተከራይ ገና አልተኛም ነበርና ወጥቼ አስፈቀድኩት፤ ወደ ሮቶው የሚገባውን ቫልቭ ጭምር የቤቱን መግቢያ ሙሉ በሙሉ ዘጋን። ወርጄ ሳይ ኮከቧ ሳታቋርጥ ትዞራለች።

መግቢያው ተዘግቶ ቆጣሪ ከዞረ ውሃው የሚጠፋው በቆጣሪውና በቤቱ መካከል ነው ማለት ነው። በሰዓት ስለካው አንድ ሊትር በ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልፋል፤ በሰዓት 36 ሊትር መሆኑ ነው። በምድር ቤት ቧንቧ ላይ የገጠምኩት የግፊት መለኪያ 3.5 ባር ያሳያል። ወደ ላይ በእያንዳንዱ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ስለሚቀንስ፣ በ9 ሜትር ላይ ባለው በሦስተኛው ፎቅ ወለል አካባቢ 2.6 ባር ይቀራል። በዚህ ግፊት 36 ሊትር የሚያስወጣ ቀዳዳ ሲሰላ ስፋቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይመጣል። መርፌ የምታልፍበት ቀዳዳ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውሃ እየመጣ እንኳ በወር ከ7 ሜትር ኩብ በላይ ያፈስሳል። ተከራዩ ሂሳቡ የጨመረው በታሪፍ ለውጥ መስሎት ያለ ጥያቄ ሲከፍል ቆይቷል።

ጥር 7

የእርሳሱ ምልክት ዛሬ ከሰዓት በኋላ ታለፈ፤ እርጥበቱ በሁለት ጣት ያህል ሰፍቷል። ውሃው ከመጣ ከግማሽ ቀን በኋላ መሆኑ ነው። የቆጣሪው ውጤትና የጣሪያው መልክ አንድ ነገር እየተናገሩ ነው።

በደረጃው ሥር ያለው አፈርም ለስልሷል። ከሚፈሰው ውሃ አብዛኛው የቧንቧውን ገላ ተከትሎ ወደ ምድር ይወርዳል፤ ጣሪያውን ያራሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። ኮሚቴው ውስጥ የውሃ መከላከያ ኬሚካል ከታች በኩል ጣሪያው ላይ ይቀባ የሚል ሐሳብ ነበር። ግፊት ያለበትን ውሃ ከመውጫው በኩል መድፈን ሌላ መውጫ እንዲፈልግ ማስገደድ ነው፤ ውሃው ሶሌታው ውስጥ በቆየ ቁጥርም ብረቱ ይዝጋል፣ የዛገ ብረት ያብጣል፣ ያበጠ ብረት ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ይህን ሐሳብ በግልጽ ተቃውሜያለሁ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ ሌሊት

ቅዳሜ ከተራ ስለነበረ ሰፈሩ በመዝሙርና በእልልታ ደምቆ አድሯል፤ ለማዳመጥ ሥራ የሚሆን ጸጥታ የተገኘው ዛሬ ነው።

የአራተኛው ፎቅ ቧንቧ ከቆጣሪው ተነሥቶ በደረጃው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ይወጣል። ቧንቧው ጋልቫናይዝድ ብረት መሆኑ ለእኔ ጠቀመኝ፤ ብረት የሚያፈስ ውሃን ድምፅ ሩቅ ያደርሳል፣ ፕላስቲክ ቧንቧ ግን ድምፁን ቶሎ ስለሚያፍነው እንዲህ ባለ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል። ረጅም ካቻቪቴ ወስጄ ጫፉን ግድግዳው ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ሥር አድርጌ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ከምድር ቤት ወደ ላይ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ አዳመጥኩ። በመጀመሪያው ፎቅ ቀጭን የሆነ የማያቋርጥ «ሽ» የሚል ድምፅ አለ። በሁለተኛው ይጨምራል። በሦስተኛው ፎቅ ከወለሉ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ከሁሉም ይጎላል፤ ከዚያ በላይ እንደገና ይቀንሳል። ድምፁ ይበልጥ በጎላበት ቦታ በኖራ ምልክት አደረግኩ።

ቦታው ከእናትየው መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ከግድግዳው ማዶ፣ በደረጃው በኩል ነው። የእሳቸው ሴራሚክ በሙሉ ቢነሣ ኖሮ ቀዳዳው በአንድ ብሎኬት ውፍረት ርቀት ሳይታይ ይቀር ነበር። እዚህ ላይ እርጥበት ለምን በዓይን አልታየም የሚለውም መልስ አገኘ፦ የደረጃው ግድግዳ እስከ ወገብ ድረስ በዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ዘይት ቀለም ውሃ አያስተነፍስም፤ ስለዚህ ውሃው ወደ ፊት መውጣት ሲያቅተው በልስኑ ጀርባ ወርዶ፣ ቧንቧው ሶሌታውን በሚያቋርጥበት ቀዳዳ በኩል ወደ ታችኛው ቤት ጣሪያ ገብቷል። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብዬ ስመታው ከምልክቱ በታች ያለው ልስን ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ ከብሎኬቱ ተላቋል።

ጥር 16 እና 17

አርብ ዕለት ግድግዳውን ከፈትን። በቅድሚያ የደረጃውን መብራት መስመር ከማከፋፈያው አጥፍቼ በቴስተር አረጋገጥኩ፤ በራሰ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ ሳይጠፋ መሮ ማሳረፍ ሕይወት ያስከፍላል፣ ይህን ሳያደርግ የሚጀምር ሠራተኛ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙት። የተከፈተው ቦታ ስፋት ሁለት ስንዝር በአንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

ልስኑ ሲነሣ ቧንቧውን ለማስያዝ የታጨቀበት ጅብሰም እንደ እርጎ ለስልሶ ወጣ። ከሥሩ ሁለት ግማሽ ኢንች ቧንቧዎች የተገጣጠሙበት ማገናኛ አለ። የቧንቧው ጥርስ (ማገናኛው የሚጠመዘዝበት ጎድጓዳ ዙር) ከማገናኛው ውጪ ወደ አራት ዙር ያህል ተርፎ ቀርቷል፤ ቀዳዳው የተገኘውም በዚያ በተረፈው ጥርስ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋልቫናይዝድ ቧንቧን ከዝገት የሚጠብቀው በላዩ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ ጥርስ ሲቆረጥ ዚንኩ ተገፍፎ ባዶ ብረት ይቀራል፣ የቧንቧው ውፍረትም በዚያ ቦታ ይሳሳል። በዚህ ላይ እርጥበትን ይዞ የሚያቆይና በውስጡ ሰልፌት ያለበት ጅብሰም ሲታጨቅበት ብረቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ይበላል። ቧንቧ በጅብሰም አለመያዝ፣ የተረፈ ጥርስን በቀለም ወይም በመከላከያ ቴፕ መሸፈን፣ ሲቀበርም በሲሚንቶና አሸዋ መሙላት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነበር።

ቅዳሜ ሌሊት ውሃው ሲመጣ በቦታው ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ ቧንቧው በአየር ተንፈቀፈቀ፤ ቀጥሎ ከጥርሱ መካከል እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ወጥቶ ፊት ለፊቱ ያለውን የመወጣጫ ብረት መታ። እናትየው ነጠላቸውን ተከናንበው በራቸው ላይ ቆመው ነበር። የሁለተኛው ፎቅ አባወራ ወደ እሳቸው ዞረው «እትዬ፣ አጥፍተናል፤ ይቅር በሉን» አሏቸው። እሳቸውም «እግዜር ይቅር ይበለን» ብለው ገቡ።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ ሊባል ይገባል። ቀዳዳው ውሃ የሚያስወጣው ግፊት ሲኖር ነው፤ ውሃው ሲቋረጥና ቧንቧው ወደ ታች ሲጎድል ግን በዚያው ቀዳዳ ከውጭ ያለውን ይስባል። ተከራዩ ውሃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚወርደው ደፍራሽ ነው ሲል የነበረው ከዚህም ሊሆን ይችላል። በፈረቃ ውሃ በሚኖርባቸው ሕንፃዎች የሚያፈስ ቧንቧ የሂሳብ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው፣ የጤናም ጉዳይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥር 18

ዛሬ የተደረገው ስብሰባ ነው። ሦስት አማራጮች አቀረብኩ። የመጀመሪያው በቀዳዳው ላይ ጎማ ያለው ማሰሪያ ማድረግ ነው፤ ለአንድ ሳምንት ይረዳል፣ ግድግዳ ውስጥ መቅበር ግን አልስማማም። ሁለተኛው ያንን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ መቀየር ነው፤ ነገር ግን ከላይና ከታች ያሉት ማገናኛዎች በዚያው ሰው፣ በዚያው ጅብሰምና በዚያው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ሦስተኛው አሮጌውን መስመር ግድግዳው ውስጥ ጥሎ ከቆጣሪው እስከ አራተኛው ፎቅ በደረጃው ማዕዘን በኩል በግልጽ የሚታይ አዲስ የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመር መዘርጋት ነው። ለዓይን ብዙ ባያምርም የሚታይ ቧንቧ ሲያፈስ በዕለቱ ይታወቃል፤ እኔ የደገፍኩት ይህን ነው፣ የተወሰነውም ይኸው ነው። ፒፒአር ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚሰባበር በሕንፃው የውጭ ግድግዳ እንዳይሄድ አሳስቤያለሁ።

ስለ ወጪው ክርክር ነበር። ቧንቧው የሚያገለግለው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ግድግዳው ግን የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን የመጠበቅና የመጠገን ኃላፊነት ለማኅበሩ ስለሚሰጥ፣ ማኅበሩ የግድግዳውንና የጣሪያውን ጥገና እንዲሸፍን፣ የአራተኛው ፎቅ ባለቤት የአዲሱን መስመር ወጪ እንዲችሉ ተስማሙ። ተገቢ ውሳኔ ይመስለኛል።

ጥር 19 እና 20

25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር ተዘረጋ። የብየዳው ማሽን 260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ ተጠብቆ፣ ቧንቧውና መገጣጠሚያው ለ7 ሰከንድ ሞቀው፣ ሳይጠማዘዙ ቀጥ ብለው ይገባሉ። ሰዓቱ ካጠረ መገጣጠሚያው ለጊዜው የተያያዘ መስሎ ከወራት በኋላ ያንጠባጥባል፤ ከረዘመ ደግሞ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ የውሃውን መንገድ ያጠብባል። ረዳቴ እያንዳንዱን ብየዳ በድምፅ እየቆጠረ ሠርቷል፤ እኔም ቆሜ አይቻለሁ። በየፎቁ ሶሌታውን በሚያቋርጥበት ቦታ ሰፋ ያለ ቱቦ አልብሰነዋል፣ ቧንቧው ከኮንክሪቱ ጋር እንዳይፋተግ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ውሃው ከመምጣቱ በፊት፣ መስመሩን በእጅ ፓምፕ በ10 ባር ፈተንኩ። ፒፒአር ግፊት ሲያገኝ ጥቂት ስለሚለጠጥ መለኪያው መጀመሪያ ላይ ትንሽ ወረደ፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቼ እንደገና ወደ 10 አደረስኩት። ከዚያ በኋላ መርፌው አልተነቃነቀም። አሮጌው ቧንቧ ከታችም ከላይም ተቆርጦ በጥርስ ክዳን ተዘጋ። ሌሊት የመጣው የመጀመሪያው ውሃ ወደ ሮቶው ሳይገባ እስኪጠራ ድረስ ወደ ውጭ ተለቀቀ። የቤቱ መግቢያ ተዘግቶ ቆጣሪው ሲታይ ቀይዋ ኮከብ ቆማለች።

የካቲት 20

ግድግዳው እንደ ተከፈተ እንዲቆይ ማድረጌ ብዙ ጥያቄ አስነሥቷል፤ ሁሉም ቶሎ ተለስኖ ማየት ይፈልጋል። ነገር ግን ከኮንክሪትና ከብሎኬት ውስጥ እርጥበት የሚወጣው በሳምንታት ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ቀለም ተመልሶ ያብጣል። የላስቲኩን ሙከራ ዛሬ ደግሜው በሁለቱም ወገን ደረቅ ሆኖ ተገኘ። በጣሪያው ላይ ያለው የእርሳስ ክበብም ከጥር መጨረሻ ወዲህ አልታለፈም። ሶሌታውን ከታች በኩል በመዶሻ ፈትሼዋለሁ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታም ሆነ የዝገት ምልክት አላገኘሁም።

ስለዚህ ልስኑ ነገ ይጀመራል። ጨውየው በደረቅ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በውሃ ከታጠበ ሟሙቶ ወደ ግድግዳው ስለሚመለስ ውሃ እንዳይነካው ለሠራተኞቹ ነግሬያለሁ። ልስኑ በሲሚንቶና አሸዋ ይሆናል። ቀለሙም ግድግዳው እንዲተነፍስ የውሃ ቀለም ይሆናል፤ የደረጃው ግድግዳ በዚያ በኩል ዘይት ቀለም እንዳይቀባ ኮሚቴው ተስማምቷል።

የቀረው የሌሎቹ ቤቶች ጉዳይ ነው። መስመሮቻቸው በአንድ ጊዜ የተቀበሩ ስለሆኑ ሁሉም መፈተሽ አለባቸው። ውሃ በሚመጣበት በፊታችን ቅዳሜ ሌሊት፣ ነዋሪዎቹ ከመተኛታቸው በፊት የየቤታቸውን መግቢያ ቫልቭ እንዲዘጉ ማስታወቂያ ደረጃው ላይ ተለጥፏል፤ የቆጣሪ ምርመራው ከመጀመሪያው ፎቅ ይጀምራል።